አሥር እጥፍ ያለው ማነው?

ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ዘወር እንበል። ብዙ ግን አንርቅም። ጉዳዩ መብራት ነው፣ የውጭ ምንዛሪ ነው፣ ካርቶን ላይ ትልቅ ቁጥር የጻፈ ሁሉ የሚታመንበት ገበያችን ነው። መነሻችን የዓሣ ገንዳ ነው። አዎ፣ አኳሪየም።

በሆቴል መግቢያ፣ በካፌ፣ በክሊኒክ ማረፊያ ክፍል፣ አቅሙ ባላቸው ሰዎች ሳሎን ያያችሁት ትልቅ ገንዳ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ካቢኔት ውስጥ ሁለተኛ ገንዳ ተደብቆለታል። ሳምፕ ይባላል። ውሃው ከላይ ሞልቶ በቧንቧ ይወርዳል፣ በስፖንጁና ባክቴሪያ በሚያድርበት ማጣሪያ ውስጥ ያልፋል፣ ከዚያ ፓምፕ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ጥያቄው አንድ ነው፤ በሰዓት ስንት ሊትር ይመላለስ?

ሻጩን ጠይቁት። «የገንዳው አሥር እጥፍ» ይላችኋል። ለምን ብትሉት «ደንቡ ነው» ይላል። የማን ደንብ? መልስ የለም። መልስ ያለው ዋጋው ላይ ነው፤ አሥር እጥፍ የሚገፋ ፓምፕ ሦስት እጥፍ ከሚገፋው በጣም ይወደዳል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ይህ ልዩነት የቀልድ አይደለም።

እስቲ በሒሳብ እንየው። 400 ሊትር የሚይዝ ገንዳ አለ እንበል፣ ውሃውም በደንብ ይደባለቃል። ፓምፑ በሰዓት አንድ እጥፍ፣ ማለትም 400 ሊትር ቢመልስ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማጣሪያውን ቢያንስ አንዴ የሚያልፈው ውሃ 63 በመቶ ነው። የወረደው ከተጣራው ጋር ስለሚደባለቅ መቶ አይሞላም። ሦስት እጥፍ ሲሆን 95 በመቶ ይደርሳል። አምስት እጥፍ ሲሆን ከ99 በመቶ ያልፋል። አሥር እጥፍስ? ከ99 በላይ ምን ይጨመራል! ከሦስት ወደ አሥር ስትሄዱ የምታተርፉት አምስት በመቶ አይሞላም፤ የምትከፍሉት ግን ከሦስት እጥፍ በላይ የሆነ ውሃ ቀንና ሌሊት ወደ ላይ መግፊያ ነው።

የመብራቱን ሒሳብ ደግሞ እንጨምርበት። 80 ዋት የሚበላ ፓምፕ 24 ሰዓት ሲሠራ በወር 57 ኪሎዋት ሰዓት ከምናምን ይወስዳል። 25 ዋት የሚበላው 18 ብቻ። የቤት ታሪፋችን በእርከን ነው፤ የመጀመሪያው እርከን 50 ኪሎዋት ሰዓት ላይ ያበቃል። አንድ ፓምፕ፣ ምጣዱም ማቀዝቀዣውም ሳይቆጠር፣ ብቻውን ያን እርከን በልቶ ይጨርሳል ማለት ነው። (ለእውነት ሲባል፦ ውሃ ውስጥ የሚሠራ ፓምፕ ሙቀቱን ለውሃው ይሰጣል፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ላይ ይህ ሙሉ ኪሳራ አይደለም። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላይ ግን ከራሱ ከዓሣው ጋር መጣላት ነው።)

«እኛ ጋ የባሕር ጠለል ከፍታ አይደለም፤ ኦክስጅን ያንሳል፣ ስለዚህ ፓምፑ ይተለቅ» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ስለሚያንስ ውሃ ሊይዘው የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ከውጭ የመጣ መመሪያ ይህን አይነግራችሁም። መደምደሚያው ግን ስህተት ነው። ኦክስጅን የሚገባው የውሃው ገጽ ሲናወጥ ነው። መላሹ አፍ ወደ ገጹ ዘወር ቢል፣ ወይም አንዲት አነስተኛ የአየር ፓምፕ ብትጨመር፣ ውሃውን ከካቢኔት ሥር እስከ ላይ ከመሸከም በብዙ ርካሽ ሥራው ይሠራል።

የባሕር ኮራል የሚያሳድጉትም ይህንኑ ያምታታሉ። ኮራል ብርቱ ሞገድ ይፈልጋል፤ የገንዳውን ሃያ እጥፍና ከዚያም በላይ። ያ ሞገድ ግን የሚመጣው ገንዳው ውስጥ ከሚሰቀል ማዕበል ሰሪ ነው። እሱ ውሃ ያንቀሳቅሳል እንጂ ወደ ላይ አይሸከምም፤ ስለዚህ በትንሽ ዋት ብዙ ይሠራል። የሳምፕ ፓምፕን ለሞገድ መጠቀም ሸክም በሊፍት ማውጣት ሲቻል በደረጃ እንደማመላለስ ነው።

በሌላው ጫፍ ደግሞ «ውሃው ቀስ ይበል፣ ባክቴሪያው አሞኒያውን የሚበላበት ጊዜ ያግኝ» የሚሉ አሉ። እነሱም ልክ አይደሉም። ውሃው አንዴ አልፎ የሚቀር ሳይሆን ተመላላሽ ነው፤ ዛሬ ያመለጠው ከደቂቃዎች በኋላ ይመለሳል። ፍሰቱን ከልክ በታች ብታወርዱት የሚጎዳው ራሱ ባክቴሪያው ነው፤ የሚተነፍሰው ኦክስጅን የሚመጣለት በዚያው ውሃ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ መብራት መጥፋት። ፓምፑ ሲቆም በመትረፊያው ከንፈር ላይ ያለው ውሃ በሙሉ፣ ቧንቧ ውስጥ ያለውም ጭምር፣ ወደ ሳምፑ ይወርዳል። ርዝመቱ 150፣ ስፋቱ 50 ሳንቲሜትር የሆነ ገንዳ ላይ እያንዳንዱ ሳንቲሜትር 7.5 ሊትር ነው። አራት ሳንቲሜትር ከወረደ 30 ሊትር። ሳምፑ ለዚህ ባዶ ቦታ ከሌለው ምንጣፉ ላይ ነው የሚፈሰው። ፍሰቱ በጨመረ ቁጥር በከንፈሩ ላይ የሚቆመው ውሃ ይወፍራል፣ የሚወርደውም ይበዛል። መብራት በማይጠፋበት አገር ይህ የጥንቃቄ ጉዳይ ነው፤ እኛ ጋ ግን የሳምንቱ ፕሮግራም ነው። እንግዲህ «አሥር እጥፍ» የሚለው ሰው ሳምፑ ስንት ሊትር ባዶ ቦታ እንዳለው ጠይቆ ያውቃል? ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ!

ገና አለ። ካርቶኑ ላይ «3,000 ሊትር በሰዓት» የሚለው ቁጥር የተለካው ፓምፑ ምንም ከፍታ ሳይሸከም ነው። አጠገቡ «3 ሜትር» የሚል ካለ፣ ያ ማለት በሦስት ሜትር ላይ የሚወጣው ውሃ ዜሮ ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ይረዳል፤ እስከ ሦስት ሜትር ድረስ 3,000 ሊትር ይመስለዋል። በአንድ ሜትር ተኩል ላይ፣ መታጠፊያዎቹና ቀጭኑ ቧንቧ ሲጨመሩ፣ ግማሽ ገደማ ቢቀር አይድነቃችሁ። ይህን የሚያሳይ መስመር በብዙ መመሪያዎች ውስጥ አለ። ሻጩ አያሳያችሁም፤ ካርቶኑን ነው የሚያሳያችሁ።

ስለዚህ የኔ አቋም ይኸው፦ ለሳምፕ ከገንዳው ሦስት እስከ አምስት እጥፍ በሰዓት ይበቃል፤ እሱም ካርቶኑ ላይ ሳይሆን ላይኛው አፍ ላይ የተለካ። መለኪያው ላቦራቶሪ አይፈልግም። ከመላሹ አፍ 10 ሊትር ባልዲ ሙሉ፣ ስልካችሁ ላይ ሰዓት ያዙ። በ30 ሰከንድ ከሞላ 1,200 ሊትር በሰዓት ነው፤ ለ400 ሊትሩ ገንዳ ሦስት እጥፍ፣ በቂ። በ20 ሰከንድ ከሞላ 1,800። ከ10 ሰከንድ በታች ከሞላ ገንዘባችሁን እያፈሰሳችሁ ነው፤ ሳምፑም ውስጥ አረፋው ለመውጣት ጊዜ አጥቶ ወደ ላይ ተመልሶ ገንዳውን እንደ አምቦ ውሃ ያደርገዋል።

ትልቁን ፓምፕ ቀድሞ የገዛ ሰው አይጣለው። በመውጫው ቧንቧ ላይ ቫልቭ ያስገባና ያጥብበው። «ፓምፑ ይቃጠላል» የሚሉትን አትስሙ፤ የዚህ ዓይነት ፓምፕ መውጫው ሲጠብ ሸክሙ ይቀንሳል። የሚጎዳው መግቢያው ሲታፈን ነው።

ለሻጮቹም አንድ ጥያቄ አለኝ። ባልዲ አላችሁ፣ ውሃ አላችሁ፣ ሱቃችሁ ውስጥ የሚሠራ ገንዳ አላችሁ። ፓምፑን አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ ለክታችሁ ውጤቱን በአማርኛ ካርቶኑ ላይ ለጥፉ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ይህን የማያደርግ ሱቅ ስትገቡ፣ ወገኖቼ፣ «እዚሁ ለክተህ አሳየኝ» በሉት፤ እምቢ ካለ ቀጣዩ ሱቅ ግቡ።