የወርቅ ሠሪው ግንባር

ባለፈው ወር ከልጄ ጋር ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ገባን። የእናቴን ቀለበት በልጄ ጣት ልክ ለማስጠበብ ነበር። አዛውንቱ ወርቅ ሠሪ ማጉያውን ዓይናቸው ላይ ደግነው ቀለበቱን ሲያገላብጡ ግንባራቸው ተቋጠረ። ልጄ ነጠላዬን ጎተት አደረገች። «እማዬ፣ እንውጣ፤ ተቆጥተውብናል» አለችኝ። «ወርቁን እኮ ነው የሚያዩት» ብላት አላመነችኝም። ቀለበቱን አስረክበን ስንወጣ እስከ ጊዮርጊስ ድረስ አንገቷን እንደደፋች ነበር።

ዕድሜዋ 16 ነው። ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት ካቆመች ቆይታለች። ጎረቤት «እንዴት ያለች ጨዋ!» ሲላት እኔም ስኮራ ኖሬያለሁ። አንገት መድፋት በእኛ ዘንድ ያስመሰግናልና ጭንቀቷን ጨዋነት ብዬ አለፍኩት።

ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ስሙን ሰማሁ፤ ማኅበራዊ ጭንቀት ይባላል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ነው። በአንጎላችን ግራና ቀኝ አሚግዳላ የሚባል፣ ለውዝ የሚመስል ክፍል አለ። ከሥራዎቹ አንዱ አደጋ ሲመጣ ማስጠንቀቅ ነው። የአንጎል ምስል በማንሳት የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ይህ ችግር ያለባቸው ሰዎች የተቆጣ ወይም የሚንቅ ፊት ሲያዩ ይህ ክፍል ከሌላው ሰው ይልቅ በኃይል ይነቃል። በአንዳንዶቹ ጥናቶች ምንም ስሜት የማይነበብበት ፊት እንኳ ቀስቅሶታል። በሐሳብ የተዋጠ ወይም የደከመው ሰው ፊት «ጠልቶኛል» ተብሎ ይተረጎማል። ያን ጊዜ ዓይን ይሸሻል፤ የሸሸ ዓይን ደግሞ ኋላ የመጣውን ፈገግታ አያይም። ስሕተቱም ሳይታረም ይቀራል።

ስለዚህ «ፊት ነሱኝ» የሚል ልጅ እየዋሸ አይደለም። «ምን ያስፈራሃል?» ብሎ መጮህም በላዩ ላይ ሌላ የተቆጣ ፊት መጨመር ነው። እኔ ይህን ስንቴ አድርጌዋለሁ!

ችግሩ ይታከማል። በንግግር ሕክምና ልጁ ሐሳቡን መመርመርና የሚፈራውን ነገር በጥቂት በጥቂቱ መጋፈጥ ይለማመዳል፤ ሐኪም ካመነበት መድኃኒትም አለ። የአእምሮ ሕክምና ሲባል አማኑኤልን አስበን የምንሸማቀቅ ወላጆች ብዙ ነን። እኔም በዚያ እፍረት ጊዜ አባክኛለሁ።

ቀለበቱን ልንወስድ ስንመለስ እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። «ጋሼ፣ ሒሳቡ ስንት ነው?» ስትል ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። አዛውንቱ ማጉያውን አውርደው ፈገግ አሉ። ልጄም ለአፍታ ቀና ብላ አየቻቸው።