ብዙ ጽሑፍ ባንድ መስኮት ስለ መያዝ

ሰው በሥራው የሚሳሳተው ሁልጊዜ ዕውቀት ስላነሰው አይደለም፤ የሥራው ዕቃ ያለ ሥርዓት ስለ ተቀመጠ የሚሳሳትበት ጊዜ ይበዛል።

በመዝገብ ቤት በየክፍሉ ጠርዝ ላይ ብቅ ያለች ትንሽ ወረቀት ትደረጋለች፤ በላይዋም የክፍሉ ስም ይጻፋል፤ ጸሐፊውም እርስዋን አይቶ የፈለገውን ወዲያው ይገልጣል። በኮምፒዩተር የጽሕፈት ፕሮግራም ታብ የሚባለውም ስሙና ሥራው ከዚሁ የመጣ ነው። ብዙ ጽሑፎች ባንድ መስኮት ተከፍተው ስማቸው ከላይ በተርታ ይታያል፤ ሰውም አንዱን ሳይዘጋ ወደ ሌላው ይሻገራል።

የዚህን ጥቅም ያስተማረኝ የራሴ ስሕተት ነው። በችሎት ጸሐፊነቴ አንድ ቀን የሁለት ውርስ ክርክር ውሳኔ ባንድነት እጽፍ ነበር። ሁለቱ ጽሑፎች በየመስኮታቸው ተከፍተው፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ፣ መልካቸውም አንድ ስለ ነበረ፣ የአንደኛውን ቤት ቍጥር በሌላው ውሳኔ ውስጥ አገባሁት። ከመፈረሙ በፊት ሲነበብ አንዲት ባልቴት ብድግ ብለው፦ «ልጄ፣ ይህ የኔ ቤት አይደለም» አሉ። እሳቸው ልብ ባይሉት ኖሮ መኖሪያቸው በእጄ ስሕተት ለሌላ ሰው ሊጻፍ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እኔም ሁሉን እንደ ገና ከመጀመሪያው አነበብሁ።

ከ1985 (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) ጀምሮ በዊንዶውስ የሚገኘው ኖትፓድ ለብዙ ዘመን ባንድ መስኮት የሚይዘው አንድ ጽሑፍ ብቻ ነበር፤ ታብ ያገኘው በ2023 በዊንዶውስ 11 ላይ ነው። ቪም ግን በ2006 በሰባተኛው እትሙ ታብን ጨምሮ ነበር። በኖትፓድ ኮንትሮል የተባለውን ቍልፍ ይዞ ታብ የተባለውን ቍልፍ ቢነኩ ወደሚቀጥለው ጽሑፍ ይሻገራሉ፤ ሺፍት ቢጨመርበት ወደ ኋላ ይመልሳል። ገና ያልተቀመጠ ለውጥ ያለበት ጽሑፍም በታቡ ላይ ነጥብ ይታይበታል።

ለቤተ ሰብም ጥቅሙ ይኸው ነው። የቤት እመቤት የወሩን ወጪ ባንዱ ታብ፣ የልጆችን የትምህርት ክፍያ በሁለተኛው፣ ለዘመድ የሚላከውን ደብዳቤ በሦስተኛው ብትይዝ፣ አንዱን ከሌላው እያስተያየች ሳትደናገር ትጽፋለች።

ዳሩ ግን ሃያ ታብ ከፍቶ መተው ወረቀትን በጠረጴዛ ላይ ከመበተን አይሻልም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አስቀድሞ የሚለይ ስም መስጠት፣ የጨረሱትንም አስቀምጦ መዝጋት ይገባል። ከመጻፍ በፊትም ከላይ ያለውን ስም አንድ ጊዜ ማንበብ ጥቂት ድካም ነው፤ የሰውን ቤትና መብት ግን ይጠብቃል።