የሥራ አነጋገር፦ «ሊያልቅ ነው» እና «አልቋል»

በመሥሪያ ቤት አለቃ «ያ ሥራ ከምን ደረሰ?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ሊያልቅ ነው» የሚል ነው። አማርኛን በመማር ላይ ያሉ ክቡራን አንባቢዎቻችን ይህን አነጋገር ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳይሰሙት አልቀሩም። ትርጉሙ ቀላል ይመስላል፤ ድርጊቱ አልተፈጸመም፣ ነገር ግን መፈጸሚያው ተቃርቧል ማለት ነው። ምን ያህል እንደ ተቃረበ ግን ቃሉ አይናገርም። ነገ የሚያልቀውም ሥራ «ሊያልቅ ነው» ይባላል፤ ከስድስት ወር በኋላ የሚያልቀውም «ሊያልቅ ነው» ይባላል። «አልቋል» የሚለው ቃል ግን ወይ እውነት ነው ወይ ሐሰት፤ የተጠራጠረ ሰው ሄዶ ሊያየው ይችላል። ብዙ ገንዘብና ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ባለው ስፍራ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቃል «ቀረ» ነው። «ከሪፖርቱ ሁለት ገጽ ቀረ» ቢባል ሁለቱ ገጾች ገና ይጻፋሉ ማለት ነው። «የማክሰኞው ስብሰባ ቀረ» ቢባል ግን ስብሰባው ተሰርዟል፣ አይደረግም ማለት ነው። አንዱ ግሥ ወደፊት የሚሠራውንም፣ ከእንግዲህ የማይሠራውንም ያመለክታል። በዕለት ተዕለት ንግግር ነገሩ ራሱ ስለሚያስታውቅ ችግር አይፈጠርም። በሥራ ሪፖርት ላይ ግን «ዐሥር ሥራ ቀርቷል» ተብሎ ሲጻፍ፣ ጸሐፊው «ገና ይሠራል» ለማለት ሲያስብ አንባቢው «ተትቷል» ብሎ ሊረዳው ይችላል።

የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚሠሩ ባለሙያዎች ይህን ችግር ከሌላው ሰው ይበልጥ ያውቁታል፤ ሥራቸው በዓይን አይታይምና። ግድግዳ ሲገነባ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ከፍታውን ያያል፤ ፕሮግራም ግን ግማሹ ይሁን ሩቡ መሠራቱን ከውጭ ሆኖ የሚያውቅ የለም። በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ቶም ካርጊል በቀልድ መልክ ያስቀመጠው አሳብ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ይኸውም ከመቶ 90 የሚሆነው ሥራ ከተመደበው ጊዜ ከመቶ 90ውን ይፈጃል፤ የተረፈው ከመቶ 10 ደግሞ ሌላ ከመቶ 90 ይፈጃል የሚል ነው። ድምሩ ከመቶ ማለፉ ስሕተት አይደለም፤ የቀልዱ ቁም ነገር እርሱ ነው።

ለዚህም መድኃኒት ሲፈለግ ኬን ሽዌበርና ጄፍ ሰዘርላንድ በ1995 ስክረም የተባለውን የአሠራር ዘዴ ለባለሙያዎች ጉባኤ አቀረቡ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ ዘዴ ሥራው ከአንድ ወር በማይበልጡ አጫጭር ዙሮች ይከፈላል፤ አንዱ ዙር ስፕሪንት ይባላል። በ2001 ደግሞ 17 ባለሙያዎች በዩታ ግዛት በስኖውበርድ ተሰብስበው አጃይል የተባለውን አሠራር መግለጫ አወጡ። ከመግለጫው ጋራ የተያያዙት መርሖዎች 12 ሲሆኑ፣ ከእነርሱ አንዱ የሥራው ዋና መለኪያ በትክክል የሚሠራ ፕሮግራም መሆኑን ያስገነዝባል። ሽዌበር በ2000 ገደማ ያስተዋወቀውና በርንዳውን ቻርት የሚባለው የቀሪ ሥራ ሥዕልም ከዚሁ ዘመን የመጣ ነው።

ሥዕሉን ማንም ሰው በእርሳስና በወረቀት ሊያዘጋጀው ይችላል። አግድም መስመሩ ቀኖቹን፣ ቁሙ ደግሞ ገና ያልተሠራውን ሥራ ያሳያል። ሠራተኞቹ በየቀኑ የተረፈውን ቆጥረው አንድ ነጥብ ያኖራሉ፤ ነጥቦቹ ሲያያዙ የሚወጣው መስመር ወደ ታች ይወርዳል፤ ዜሮ ሲደርስ ሥራው አልቋል። ስለዚህ የዕለቱ ጥያቄ «ምን ሠራችሁ?» ሳይሆን «ምን ቀራችሁ?» የሚል ይሆናል። ብዙ የደከመ ሰው ለመጀመሪያው ጥያቄ ረጅም መልስ አያጣም፤ ለሁለተኛው ጥያቄ ግን መልሱ አንድ ቁጥር ነው።

ይህ አሳብ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። በ20 ሰው ዕቁብ ውስጥ ሰባት ዕጣ ከወጣ፣ 13 ዕጣ መቅረቱን ሰብሳቢውም፣ ጸሐፊውም፣ አባሉም ያውቃል፤ «ዕቁቡ ሊያልቅ ነው» በሚል መልስ የሚረካ የለም። ሆኖም በዕቁብ ደንብ ዕጣ መውጣት ከጀመረ በኋላ የአባላቱ ቁጥር አይለዋወጥም። የፕሮግራም ሥራ ግን በመካከሉ ያድጋል፤ ትልቁም ፈተና ይኸው ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ወደ ጁባ እንሻገር። ማላኪያ ከደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ነባር ሠፈሮች አንዱ ነው፤ ስሙም ከጦር ሠፈር ውጭ ያለውን የሲቪል መኖሪያ ከሚያመለክት የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። የኮኞ ኮኞ ገበያ በአቅራቢያው ይገኛል፤ በከተማይቱ ንግድ ከተሠማሩት የጎረቤት አገር ሰዎች መካከልም ኢትዮጵያውያን አሉ። በማላኪያ ሱቅ ያለው አንድ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ የመጋዘኑንና የሽያጩን ሒሳብ ከመዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ለማዛወር ሦስት ባለሙያዎችን አሠማራ እንበል። ሥራው በ40 ክፍል ተከፍሎ 20 የሥራ ቀን ተሰጠው። ነጋዴው በ21ኛው ቀን የወረቀቱን መዝገብ ሊዘጋ ወስኗል፤ ፕሮግራሙ ካልደረሰ ግን ሒሳቡ በወረቀትም በኮምፒዩተርም ሳይያዝ ሊቀር ነው።

በዕቅዱ መሠረት በቀን ሁለት ክፍል ማለቅ ይገባዋል። በአምስተኛው ቀን ማታ ሲቆጠር ያለቀው ስድስት ክፍል ብቻ ሆነ፤ 30 መቅረት ሲገባው 34 ቀረ። በዚህ ፍጥነት ቢቀጥሉ 34ቱ ክፍል ከ28 ቀን በላይ ይፈጃል፤ የተረፈው ጊዜ ግን 15 ቀን ነው። ይህ ማስጠንቀቂያ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ የመጀመሪያው ሳምንት ብዙውን ጊዜ የመሠረት ሥራ ነውና። በሁለተኛው ሳምንት ባለሙያዎቹ ዐሥር ክፍል ጨረሱ። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ነጋዴው ሽያጩ በደቡብ ሱዳን ፓውንድም በዶላርም እንዲመዘገብ ስለ ጠየቀ ስድስት አዲስ ክፍል ተጨመረ። ስለዚህ በዐሥረኛው ቀን የቀረው 30 ሆነ።

ሥዕሉን ብቻ የሚያይ ሰው መስመሩ ከ34 ወደ 30 መውረዱን ተመልክቶ «በአምስት ቀን አራት ክፍል ብቻ ሠሩ» ብሎ ይወቅሳል፤ ዐሥር መሥራታቸውን አያይም። ይህን ስሕተት ለማስወገድ ባለሙያዎች ሁለት መስመር ለየብቻው ይሥላሉ፤ አንዱ የሥራውን ጠቅላላ መጠን፣ ሌላው ያለቀውን ያሳያል። ጠቅላላው ከ40 ወደ 46 ወጣ፤ ያለቀው 16 ደረሰ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት 30 ነው። በዚህ ዓይነት የሠራተኛው ድካምና የነጋዴው ተጨማሪ ጥያቄ በአንድ ወረቀት ላይ ሳይደባለቁ ይታያሉ።

እንግዲህ በሁለተኛው ሳምንት ፍጥነት በተረፈው ዐሥር ቀን 20 ክፍል ያልቃል፤ ዐሥር ክፍል ይተርፋል። ነጋዴው ከሁለት አንዱን ሊመርጥ ይችላል፤ ወይ እምብዛም የማያስፈልጉትን ዐሥር ክፍሎች ይተዋል፣ ወይ አምስት ቀን ይጨምራል። የሥዕሉ ጥቅም ይህን ምርጫ በዐሥረኛው ቀን በእጁ ማስገባቱ ነው። እስከ 19ኛው ቀን «ሊያልቅ ነው» ሲባል ቢቆይ ኖሮ ምርጫ አይኖረውም ነበር።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን «አለቀ» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አስቀድሞ ስምምነት ሲኖር ነው። የሱቁ ሻጭ እውነተኛ ሽያጭ መዝግቦ የሞከረው ክፍል አልቋል ይባላል፤ ተጽፎ ያልተሞከረው ግን ምንም ቢደከምበት ካልተሠራው ጋራ ይቆጠራል። ለዚህ ምስክር ከጁባ ሳንወጣ እናገኛለን። በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው የነጻነት ድልድይ፣ 560 ሜትር ርዝመት ያለው የነጭ ዓባይ መሻገሪያ፣ ግንባታው በ2013 ተጀመረ። በዚያው ዓመት መጨረሻና እንደገና በ2016 ጦርነት ስለ ተነሣ፣ በ2020 ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተቋረጠ፤ በግንቦት 2022 ተመረቀ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የቆሙት ምሰሶዎች ከንቱ አልነበሩም፤ ሆኖም የመጨረሻው ክፍል እስኪገጠም ድረስ አንድ መኪና እንኳ አላሻገሩም።

በአገራችንም ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በ2011 ሲጀመር 5,250 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ታቅዶ ነበር፤ በኋላ 6,000፣ ቀጥሎም 6,450 ተባለ፤ በ2025 ሲመረቅ 5,150 ሆነ። በእንዲህ ያለ ረጅም ሥራ «ከመቶ ይህን ያህል ደርሷል» ሲባል «ከየትኛው መቶ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጠቅላላው ከተለወጠ፣ ከመቶ የሚቆጠረውም አብሮ ይለወጣልና።

በመጨረሻም ለአለቆች አንድ ቃል። ሥዕሉ ሠራተኛን መቅጫ ከሆነ ወዲያው መዋሸት ይጀምራል። መስመሩ ስላልወረደ የተቆጣ አለቃ በሚቀጥለው ሳምንት ውብ ሆኖ የወረደ መስመር ያያል፤ ሠራተኞቹ አንዱን ሥራ ሦስት አድርገው ቆጥረውታል፣ ወይም ያልተሞከረውን «አልቋል» ብለውታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሥዕሉ ያማረ፣ ፕሮግራሙ ግን የማይሠራ ይሆናል። በ2011 የወጣው የስክረም መመሪያ ሥዕሉን የግዴታ ከማድረግ ተቆጥቧል፤ የቀረውን ሥራ በየጊዜው ቆጥሮ የማወቅ ግዴታ ግን አልተነሣም። ቁም ነገሩ ወረቀቱ ሳይሆን ያለ ፍርሃት የተነገረው ቁጥር ነው።

ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎቻችን በሚቀጥለው ሪፖርታቸው «ሥራው ሊያልቅ ነው፤ ጥቂት ቀርቷል» ብለው ከመጻፍ ይልቅ የሚከተለውን ዓይነት ዐረፍተ ነገር እንዲለማመዱ እናሳስባለን፦ «ከ46ቱ ክፍል 16ቱ ተሠርተውና ተሞክረው አልቀዋል፤ 30ው ገና አልተሠሩም፤ ከእነዚህም ዐሥሩ እንዲተዉ ወይም አምስት ቀን እንዲጨመር ውሳኔ እንጠይቃለን።» ይህ አማርኛ ለመማር ትንሽ ይከብዳል፤ ለአለቃ ግን ሥራው ሳያልፍበት እንዲወስን ጊዜ ይሰጠዋል።