«ቤንድ» ማለት ጉልበት ማጠፍ ነው

 

በቅርቡ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ ከቤሩት የመጣ ነው። የጻፈችልኝ እኅታችን የአሠሪዎቿን የሰባት ዓመት ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ባሌት ትምህርት ትወስዳለች። ልጆቹ በትልቅ መስታወት ፊት ተሰልፈው ሲለማመዱ እርሷ በሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ የልጅቱን ጫማና የውኃ ኮዳ ይዛ ትጠብቃለች። እንዲህ ትላለች፦ «አባቴ፣ መምህርቷ የምታስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። ቃሉን ትናገራለች፣ ራሷ ሠርታ ታሳያለች፣ ልጆቹ ይደግማሉ። በሚቀጥለውም ቀን ያንኑ ትላለች። እኔ እንግሊዝኛ ተምሬ አላውቅም፤ ነገር ግን በሦስት ወር ውስጥ ብዙ ቃል ገባኝ። ይህ ትምህርት ይባላል ወይስ ራሴን እያታለልሁ ነው? ደግሞስ ከጭፈራ ቃል መልቀም ነውር ይሆንብኝ ይሆን?»

ነውር የለበትም ልጄ። ትምህርትም ነው። «ቄስ ስለ ዳንስ ምን አገባው?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ ባሌትን ያየሁት በቴሌቪዥን ብቻ ነው፤ በእግር ጣታቸው ጫፍ ሲቆሙ አይቼ እግዚኦ ብያለሁ። ነገር ግን ደብዳቤውን ሳነብ ትዝ ያለኝ የአቋቋም ትምህርት ቤት ነው። የኔታ «ዝማሜ» ምን ማለት እንደሆነ ቁጭ ብለው አልተረጎሙልንም። መቋሚያ አስያዙን፤ እርሳቸው ዘንበል ሲሉ አብረን ዘንበል አልን፣ ቀና ሲሉ ቀና አልን። መረግዱንም ጽፋቱንም የያዝነው እንደዚሁ በእጅና በእግር ነው። በቃል ብቻ ካጠናሁት ስንቱ ጠፍቶብኛል፤ ያ ግን ሌሊት ከእንቅልፌ ብቀሰቀስ እንኳ አይጠፋኝም።

ይህን ነገር ፈረንጆቹም ደርሰውበታል። ጄምስ አሸር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር፣ በእነርሱ አቆጣጠር በ1960ዎቹ፣ ለተማሪዎች በጃፓንኛና በሩስኛ «ተነሡ፣ ሂዱ፣ ቁሙ፣ ዙሩ፣ ተቀመጡ» የሚል ትእዛዝ እየተሰጣቸው እንዲፈጽሙት አደረገ። ትእዛዙን በአካላቸው የፈጸሙት፣ ተቀምጠው ከተመለከቱት ይልቅ ቃሉን እንደያዙት በ1969 ባሳተመው ጽሑፍ ገልጧል። እንግዲህ ልጄ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ይህን ያህል ከያዝሽ፣ ቤት ገብተሽ ብትሠሪው ደግሞ ምን ያህል ትይዥ!

አንድ ነገር ግን ለይተሽ እወቂ። መምህርቷ የምትላቸው ቃላት ሁሉ እንግሊዝኛ አይደሉም። የባሌት እርምጃዎች ስም በየትም አገር የሚጠራው በፈረንሳይኛ ነው። ባሌት የተጀመረው በጣሊያን መሳፍንት ቤት ሲሆን ሥርዓት የያዘው በፈረንሳይ ነው። ራሱም ጨፋሪ የነበረው ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1661 በፓሪስ የዳንስ አካዳሚ አቋቋመ፤ ስሞቹም በዚያው ቋንቋ ቀሩ። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ «ፕሊዬ» ብትይው አይገባውም። መምህርቷ ስሙን በፈረንሳይኛ ጠርታ ለልጆቹ በእንግሊዝኛ ታብራራለች፤ አንቺ የምትለቅሚው ያንን ማብራሪያ ነው። ቤሩት ፈረንሳይኛ የሚነገርበት ቤት ብዙ ስለሆነ ስሙንም ብትይዥው አይጎዳሽም።

የባሌት መምህራን መሠረት ናቸው የሚሏቸው ሰባት እንቅስቃሴዎች አሉ። በእንግሊዝኛ «ቤንድ፣ ስትሬች፣ ራይዝ፣ ጃምፕ፣ ዳርት፣ ግላይድ፣ ተርን» ይባላሉ። ማጠፍ፣ መዘርጋት፣ ከፍ ማለት፣ መዝለል፣ ተወርውሮ መሄድ፣ መንሸራተት፣ መዞር ማለት ነው። ዝላዩንና ውርወራውን ለልጆቹ እንተውላቸው፤ ከማለዳ ጀምሮ በእግሩ የቆመ ሰው ማታ ሊዘል አይገባውም።

ከሁሉ በፊት «ቤንድ»ን ያዙ። ፕሊዬ ሲባል ልጆቹ ጀርባቸውን ሳያጎብጡ ጉልበታቸውን ያጥፋሉ፤ ጉልበቱም የእግር ጣቶች ወዳመለከቱበት ይሄዳል። እስኪ የልብስ ቅርጫት ስታነሡ እንዲህ አድርጉ። ብዙዎቻችን የምናነሣው ከወገባችን ጎንበስ ብለን ነው፤ ማታ «ወገቤን!» የምንለውም አንድም ከዚሁ የተነሣ ነው። «ቤንድ ዩር ኒስ» ጉልበትሽን እጠፊ፣ «ኪፕ ዩር ባክ ስትሬት» ጀርባሽ ቀጥ ይበል ማለት ነው። ቃሉንም ወገባችሁንም በአንድ ጊዜ ታተርፋላችሁ። ልጆቹ እግራቸውን ወደ ውጭ አዙረው ሲቆሙ አይታችሁ ግን ያንን አትሞክሩት። የሚዞረው ከዳሌ ነው፤ ጉልበትን አስገድደው ሲያዞሩት ይጎዳል።

«ስትሬች» መወጠርም ነው፤ አንሶላ አልጋ ላይ ስትወጥሩ በሉት። «ራይዝ» ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰው ራሱ ሲነሣ፣ ወይም ተረከዙን አንሥቶ ከፍ ሲል «ራይዝ» ነው። ሌላውን ነገር፣ የራሱን ክንድም ቢሆን፣ ከፍ ሲያደርግ ግን «ሬይዝ» ነው። ከባድ ዕቃ ማንሣት «ሊፍት» ነው፤ የሕንፃውን ሊፍት ካሰባችሁ አትረሱትም።

ከሁሉም ሀብታሙ «ተርን» ነው። በባሌት ፒሩዌት የሚሉት በአንድ እግር ቆሞ መዞር ነው፤ ወደ ቤት ስትመለሱ ግን ይኸው ቃል በየማእዘኑ ይጠብቃችኋል። «ተርን ኦን» ማብራት፣ «ተርን ኦፍ» ማጥፋት፣ «ተርን ኦቨር» መገልበጥ፣ «ተርን ዳውን» መቀነስ። አንዲት እኅት እሳቱን «ተርን ዳውን» ስትባል አጥፍታው ሩዙ ጥሬ ቀርቶ ስንት ቁጣ እንደጠጣች አጫውታኛለች። ምድጃው ፊት ቆማችሁ እጃችሁ ሲያዞር አፋችሁም ይናገር።

ሲዞሩ ራሳቸውን እንዳያዞራቸው የሚያደርጉት ብልሃትም አለ። ዓይናቸውን በአንድ ነገር ላይ ይተክላሉ። ሰውነት መዞር ሲጀምር ራስ ወደ ኋላ ቀርቶ ያንን እያየ ይቆያል፤ ከዚያ ፈጥኖ ዞሮ፣ ከሰውነት ቀድሞ ያንኑ ያገኛል። ይህን «ስፖት» ማድረግ ይሉታል። እኅታችን «ስፖት»ን የምታውቀው መዳም ሸሚዝ ላይ የቀረ እድፍ ስታሳያት ስለነበረ፣ «መምህርቷ ስትጮህ የልጅቱ ልብስ ቆሽሾ ታየብኝ ብዬ ደነገጥሁ» ብላ ጽፋለች። ቃሉ አንድ ነው፤ እድፍም፣ ተለይቶ የታወቀ ቦታም ይባልበታል። «ባላንስ»ም እንዲሁ ነው። በስልካችሁ የምታውቁት ቀሪ ሒሳብ፣ እነርሱ ዘንድ ሚዛን ጠብቆ መቆም ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ግን ለሩዝና ለሸሚዝ ብዬ አይደለም። ከዓመታት በፊት መስኮት ስትወለውል ከመሰላል የወደቀች እኅት ይዤ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ሐኪሙ የሚጠይቀው በእንግሊዝኛ ነው። ይህን ማጠፍ ትችያለሽ ወይ ይላታል፤ ማዞርስ ይላታል፤ እርሷ ለሁሉም «የስ» ትላለች። ሰው እንዳይቆጣት ለዓመታት «የስ» ማለት ለምዳለች። እኔም ከእርሷ አልሻልም ነበር፤ ግእዝና ቅኔ እዚያ ቤት አይሠራም። የሕመም ማስታገሻ ሰጥተው ሸኙን። የእጇ አንጓ መሰበሩ የታወቀው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ዛሬም ያ እጅ ባልዲ አያነሣም።

ስለዚህ ትእዛዙን ከያዛችሁ በኋላ ወደ ራሳችሁ አዙሩት። «ቤንድ» የመምህርቷ ነው። «አይ ካንት ቤንድ ማይ ሪስት» ግን የእናንተ ነው፤ የእጄን አንጓ ማጠፍ አልችልም ማለት ነው። «ኢት ኸርትስ ዌን አይ ተርን» ስዞር ያመኛል። ከግላይድ ጋር የሚቀራረቡ ሁለት ቃላትም አሉ። «ስላይድ» አስቦ መንሸራተት ነው፤ ሳያስቡት ሲሆን «ስሊፕ» ይባላል። «አይ ስሊፕድ» አዳለጠኝ ነው። ብቻችሁን የማትችሉትን ሣጥን ወይም ምንጣፍ አንሡ ስትባሉም «አይ ካንት ሊፍት ዚስ አሎን» በሉ። ሳትቆጡ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ዓይን ዓይኗን እያያችሁ።

ከነቃላቱ የአካል ስም ያስፈልጋችኋል። ትከሻ «ሾልደር»፣ ክርን «ኤልቦ»፣ የእጅ አንጓ «ሪስት»፣ ዳሌ «ሂፕ»፣ ጉልበት «ኒ»፣ ቁርጭምጭሚት «አንክል»። የመጨረሻው አጎት ከሚጠራበት ቃል ጋር ለጆሮ ይቀራረባልና እየነካችሁ ተናገሩት። በቀን ሁለት ቃል ይበቃል፤ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ድምፅ አውጥታችሁ፣ ከእንቅስቃሴው ጋር። አንዳንዶቻችሁ ክፍል የላችሁም፣ የምትተኙት ልጆች ጋር ነው፤ ለእናንተ የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት አለ።

አንቺ የቤሩቷ ልጄ፣ በደብዳቤሽ መጨረሻ «ልጅቱ ቤት ስንገባ እየዘለለች ‹ፓዳሻ› ትለኛለች፣ ትርጉሙን ስጠይቃት ትስቃለች» ብለሻል። «ፓ ደ ሻ» ነው። በፈረንሳይኛ የድመት እርምጃ ማለት ነው፤ ጉልበቶቿን ተራ በተራ ሰብስባ ወደ ጎን የምትዘለው ዝላይ ናት። በሚቀጥለው ጊዜ ቀድመሽ «ካት ስቴፕ» በያትና ማን እንደሚስቅ እዪ።