በዝምታና በክስ መካከል

«በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለውን ተረት ያልሰማ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። ልጁ በመጀመሪያ ከጎረቤት አንድ እንቁላል ሰርቆ መጣ፤ እናቱም አይታ ዝም አለች። ከእንቁላሉ ወደ ዶሮ፣ ከዶሮው ወደ በግ፣ ከበጉም ወደ በሬ ተሸጋገረ። በመጨረሻ ተይዞ ሞት ተፈርዶበት ሲወሰድ፣ እናቱ እያለቀሰች ብትከተለው ያን ወቀሳ ተናገራት ይባላል። ተረቱ ዘወትር የሚጠቀሰው ትንሽ ጥፋት ካልታረመ ወደ ትልቅ እንደሚያድግ ለማስረዳት ነው። ነገር ግን አንድ ሌላ ጥያቄም ያስነሣል። የሌላውን ትንሽ ጥፋት ያየ ሰው ምን ማድረግ ይገባዋል? ዝም ይበል ወይስ ይክሰስ?

ጥያቄውን በቅርብ ለመመልከት ዶሮ ማነቂያን እናስታውስ። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት እስከ ፈረሰበት ጊዜ ድረስ፣ በፒያሳ አጠገብ ሥጋ ቤቶች፣ ምግብ ቤቶችና ትንንሽ ሱቆች ተጠጋግተው የሚገኙበት ነባር ሰፈር ነበር። የሚገኝበት የአራዳ አካባቢ ከንግድ ጋር የቆየ ታሪክ አለው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የከተማይቱ ዋና ገበያ በአራዳ ይቆም ነበር፤ ገበያውን የሚቆጣጠረው ሹምም ነጋድራስ ይባል ነበር። ገበያው ወደ ዛሬው መርካቶ የተዛወረው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ነው።

እንግዲህ እንደ ዶሮ ማነቂያ ባለ መንደር፣ በአንድ ሱቅ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው እናስብ። ይህ ሰው ስኳር ሲመዝን ሚዛኑ ሳይረጋ ፈጥኖ ያነሣል፤ በዚህም ከእያንዳንዱ ገዢ 50 ግራም ያጎድላል። የተረፈውን ለብቻው ሸጦ ገንዘቡን ወደ ኪሱ ያስገባል። «50 ግራም ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል ይኖራል። ስሌቱ ግን እንዲህ ነው። ለ20 ሰው 50 ግራም ያጎደለ ሻጭ አንድ ሙሉ ኪሎ ወስዷል። ከዚህም በላይ ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚከብድ ማስተዋል ያስፈልጋል። አንድ ኪሎ የሚገዛው ሰው ከገዛው አንድ ሃያኛውን ሲያጣ፣ አቅም አንሶት ሩብ ኪሎ የሚገዛው ግን አንድ አምስተኛውን ያጣል። ስለዚህ ጥፋቱ ትንሽ ቢመስልም አብልጦ የሚጎዳው ትንሽ ያለውን ሰው ነው።

ይህን ያየ ደንበኛ ዝም ቢል ይሻላል የሚሉ ሰዎች ምክንያታቸው በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ሠራተኛው ደመወዙ ጥቂት፣ የሚያስተዳድረው ቤተሰብ ብዙ ሊሆን ይችላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪ በሥራው ላይ የማጭበርበር ድርጊት የፈጸመን ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ እንዲያሰናብት ይፈቅዳል። ስለዚህ ከአንድ ደንበኛ አፍ የወጣች አንዲት ቃል የአንድን ቤተሰብ እንጀራ ልታቋርጥ ትችላለች። ከዚህም ሌላ ኅብረተሰባችን ነገር አመላላሽን አይወድም፤ «ዝም አይነቅዝም» የሚል ምሳሌያዊ አነጋገርም አለው።

ሆኖም ዝምታ ሁልጊዜ አይነቅዝም ማለት ስሕተት ነው። በአገራችን የቆየው የአውጫጭኝ ወይም የአፈርሳታ ሥርዓት ይህን ያስረዳል። በአንድ አካባቢ ስርቆት፣ ቃጠሎ ወይም ግድያ ደርሶ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር፣ ነዋሪው ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ይመክር ነበር። አውቆ መደበቅ ከጥፋተኛው ጋር እንደ መተባበር ይቆጠር ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ ወንጀልን ባለማስታወቅ የሚቀጣው፣ ጉዳዩ ሞትን ወይም የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራትን የሚያስከትል ከባድ ወንጀል ሲሆን ነው። እንግዲህ የ50 ግራም ጉድለት ያየ ሰው ለመናገር በዚህ ሕግ አይገደድም፤ ጉዳዩ ለኅሊናው የተተወ ነው። ለኅሊና የተተወ ነገር ሁሉ ግን ቸል ይባል ማለት አይደለም።

በበኩሌ መልሱ በዚያው በተረቱ ውስጥ ይገኛል እላለሁ። ልጁ እናቱን «ለዳኛ በነገርሽብኝ» አላላትም፤ «በቀጣሽኝ» ነው ያላት። የወቀሳት ስላልከሰሰችው ሳይሆን ስላላረመችው ነው። ትንሽ ጥፋት ሲታይ በመጀመሪያ ሊነገረው የሚገባ ራሱ አድራጊው ነው፤ የሚነገርበትም ጊዜ ነገሩ ገና እንቁላል ሳለ ነው።

ይህን ለማድረግ ስድብም ጩኸትም አያስፈልግም። አንድ ተማሪ በዕድሜ የሚበልጠውን ሻጭ «ጋሼ፣ ሚዛኑ የጎደለ መሰለኝ፤ እባክዎ ደግመው ይመዝኑልኝ» ቢለው በቂ ነው። ይህ አነጋገር ሁለት ጥቅም አለው። ሻጩ ያጎደለው በስሕተት እንደ ሆነ ያለ ኀፍረት ያርማል፤ ሆን ብሎ እንደ ሆነ ደግሞ መታየቱን ያውቃል። «እንዲህ ከተነገረው ተጠንቅቆ መስረቁን ይማራል» የሚሉ አሉ። ይህ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ደንበኛው ሚዛኑን እንደሚመለከት ያወቀ ሻጭ ቢያንስ በዚያ ደንበኛ ፊት አያጎድልም። ብዙ ደንበኞች እንዲሁ ቢያደርጉ የማጭበርበሪያው በር እየጠበበ ይሄዳል።

ሻጩ ከተነገረው በኋላም ድርጊቱን ከደገመ ለሱቁ ባለቤት መንገር ተገቢ ነው፤ ከዚህ በኋላ ዝም ማለት ሩብ ኪሎ ገዢዎችን አሳልፎ መስጠት ይሆናል። ይሁን እንጂ የሰው እንጀራ ያለበት ጉዳይ ስለ ሆነ ሦስት ነገሮች መጠበቅ አለባቸው። አንደኛ፣ የሚነገረው በዓይን የታየው ብቻ ይሁን፤ የተጠረጠረውና የተወራው አይጨመርበት። ሁለተኛ፣ ለሚመለከተው ሰው ብቻ ይነገር፤ በየቡና ቤቱ የሚበተን ነገር ሐሜት እንጂ እርማት አይደለም። ሦስተኛ፣ የተከሰሰው ሠራተኛ ባለበት ይነገር፤ መልስ የመስጠት ዕድል ያላገኘ ሰው በፍርድ ሳይሆን በወሬ ይቀጣልና።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሠራተኛው የሚያጎድለው በባለቤቱ ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ለባለቤቱ መናገር ትርጉም የለውም፤ አቤቱታው የሚቀርበው ንግድን ለሚቆጣጠረው የመንግሥት አካል ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ዓላማው ሸማቹን ከእንዲህ ያለ ጉዳት ለመጠበቅ ነው። ጥፋቱ ጤናን የሚጎዳ ሲሆን፣ ለምሳሌ በበርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት ተቀላቅሎ ሲገኝ፣ ይህን ሁሉ ደረጃ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ነገሩ ከትንሽ ጥፋት ወሰን አልፏልና ወዲያውኑ ማስታወቅ ይገባል።

እንደ ዶሮ ማነቂያ ባለ ነባር ሰፈር ሻጭና ገዢ በስም ይተዋወቃሉ፤ ዱቤ ይሰጣጣሉ፤ በለቅሶና በሠርግ ይገናኛሉ። ሰፈሩ ሲፈርስ ነዋሪዎቹ በከተማይቱ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ተበትነዋል፤ ብዙዎቹም ዛሬ የሚገበያዩት ከማያውቁት ሻጭ ጋር ነው። የማያውቁትን ሰው ፊት ለፊት ማረም ይከብዳል፤ ዝም ብሎ ሌላ ሱቅ መሄድ ወይም በቁጣ መክሰስ ይቀላል። ነገር ግን ሌላ ሱቅ የሄደው ደንበኛ ራሱን ብቻ ያድናል፤ ከእርሱ በኋላ ሩብ ኪሎ ልትገዛ የምትመጣዋ እናት ግን በዚያው ሚዛን ትመዘንላታለች። ስለዚህ በዝምታና በክስ መካከል ያለውን መንገድ፣ ማለትም በጊዜውና በአክብሮት ለራሱ ለአድራጊው የመናገርን ልማድ፣ ከአሁኑ ልንለማመደው ይገባል።