ዘይቱ ሲጠቁር

ታክሲ የምጠብቅበት ፌርማታ አጠገብ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ የሚጠበስበት ትልቅ ብረት ድስት አለ። ባለፈው ሳምንት ሰልፉ ረዝሞ ከግማሽ ሰዓት በላይ ስቆም ዓይኔ ከድስቱ አልተነቀለም። ዘይቱ ቡና መስሏል። ዳር ዳሩን የማይጠፋ አረፋ ይዞታል፤ ጭሱ ዓይን ይቆጠቁጣል። ጠባሿ ዘይቱ ሲጎድል ከጀሪካኑ ጨመር እያደረገች ትቀጥላለች እንጂ አሮጌውን አትደፋውም። አልፈርድባትም፤ ዘይት ስንት እንደገባ የማያውቅ የለም። ይሁንና በዚያ ድስት ውስጥ የሚሆነው በደም ስራችን ውስጥ ከሚሆነው ጋር የቅርብ ዝምድና አለውና ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ኮሌስትሮል ሲነሣ ሁላችንም የምንጠይቀው "ስንት ሆነ?" ብለን ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ሌላም ሊጨመርበት ይገባል እላለሁ፤ ስቡ ወደ አፋችን ከመድረሱ በፊት እሳቱ፣ አየሩና ጊዜው ምን አድርገውታል?

ኮሌስትሮል ለሰውነት ባዕድ አይደለም። ለሕዋሳት ሽፋን፣ ለሆርሞንና ለሐሞት ያስፈልጋል። ችግሩ የሚጀምረው ኤልዲኤል የሚባለው ተሸካሚው በደም ውስጥ ሲበዛና ወደ ደም ቧንቧ ግድግዳ ሰርጎ ሲቀር ነው። እዚያ ሲቆይ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ይበላሻል፤ ብረት እንደሚዝገው ማለት ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት የተበላሸውን እንደ ባዕድ ነገር ቆጥረው ይውጡታል። በቃኝ አያውቁም፤ በስብ ተወጥረው በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አረፋ ይመስላሉ። እነርሱ ሲከማቹ ግድግዳው ያብጣል፤ እብጠቱ የተሰነጠቀ ቀን ደም ይረጋበታል። የረጋው ደም የልብን ቧንቧ ሲዘጋ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ የአንጎልን ሲዘጋ ደግሞ ስትሮክ ይከተላል።

ነገሩ መጀመሪያ የታየው በጥንቸል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ሩሲያዊው ኒኮላይ አኒችኮቭ በሴንት ፒተርስበርግ ኮሌስትሮል በሱፍ ዘይት አሟሙቶ ጥንቸሎችን መገበ፤ የደም ቧንቧቸውም በስብ ተጋገረ። በ1976 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ከቆየ ኮሌስትሮል ውስጥ የተበላሸውን ክፍል ለይተው ለጥንቸሎች ሰጡ። በአንድ ቀን ውስጥ የደም ቧንቧቸው ሕዋሳት ተጎድተው ተገኙ። የተጣራው ኮሌስትሮል ግን በዚያ ፍጥነት ያን ጉዳት አላደረሰም።

ወደ ማጀታችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1987 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የሕንዶችን ንጥር ቅቤ መርምሮ ነበር። በናሙናው ውስጥ ከነበረው ስቴሮል (ኮሌስትሮል የሚመደብበት የቅባት ቤተሰብ) 12 በመቶ ያህሉ በኦክስጅን የተለወጠ ሆኖ ተገኘ፤ በትኩሱ ቅቤ ውስጥ ግን አልታየም። ይህን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። ቅቤ ስታነጥር ከሰሉ አመድ እስኪለብስ ትጠብቅ ነበር። ኮረሪማውን፣ ኮሰረቱን፣ እርዱን ጨምራ ከአጠገቡ አትነሣም፤ አረፋው ሲጠራና ከታች የዘቀጠው ወርቃማ ሲሆን ወዲያው ታወርደዋለች፤ ካጠለለችው በኋላም ከድና ከብርሃን ታርቀዋለች። "እሳት ከበዛበት ቅቤው ያራል" ትለን ነበር። ስለ ኦክስጅን የነገራት ሰው አልነበረም፤ ጠላቶቹ እሳት፣ አየርና ብርሃን መሆናቸውን ግን እጇ ያውቅ ነበር።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳልሸሽግ ልናገር። ከምግብ የምናገኘው የተበላሸ ኮሌስትሮል ወደ ደማችን እንደሚገባ በሰው ላይ ታይቷል፤ የሚያደርሰው ጉዳት በግልጽ የታየው ግን በአብዛኛው በእንስሳት ላይ ነው። "መበላሸቱን በቫይታሚን እናስቁመው" ተብሎ የተሞከረውም አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ2000 ውጤቱ በታተመ ትልቅ ጥናት ከ9 ሺህ በላይ ሰዎች ተሳትፈው ነበር፤ ቫይታሚን ኢ የወሰዱት ካልወሰዱት ያነሰ የልብ ሕመም አልገጠማቸውም። ስለዚህ ደም ስር ያጸዳል ተብሎ ለሚሸጥ እንክብል ገንዘባችሁን አታውጡ። ኤልዲኤልን መቀነስ እስከ ዛሬ የመጀመሪያው መንገድ ነው።

ለዚህ ዕፅዋት የራሳቸው እርዳታ አላቸው። በቅባት እህል፣ በጥራጥሬና በለውዝ ውስጥ የዕፅዋት ስቴሮል የሚባል ነገር አለ፤ መልኩ የኮሌስትሮል ወንድም ነው። ኮሌስትሮል ከአንጀት ወደ ሰውነት ለመግባት መሳፈሪያ ያስፈልገዋል። የዕፅዋቱ ስቴሮል ቀድሞ ወንበሩን ይይዝበታል፤ ታክሲው ሞልቶ ሲሄድ ኮሌስትሮሉ ፌርማታ ላይ ይቀርና ከሰገራ ጋር ይወጣል። ፊንላንዶች ከዚሁ ዘር የተሠራ ቅባት ማርጋሪን ላይ ጨምረው ለአንድ ዓመት ሞከሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመው ውጤት ጠቅላላ ኮሌስትሮል 10 በመቶ ገደማ ቀንሶ ነበር።

ልኩ ግን መታወቅ አለበት። ለዚህ ውጤት በቀን 2 ግራም ያህል ያስፈልጋል፤ ከተለመደ ምግብ የሚገኘው ደግሞ ከግማሽ ግራም አያልፍም። ኮሌስትሮልን መቀነሱ ቢረጋገጥም የልብ ሕመምን እንደሚያስቀር ያሳየ ትልቅ ጥናት እስካሁን የለም። የዕፅዋት ስቴሮል በደማቸው የሚከማችባቸው፣ በዘር የሚተላለፍ ብርቅ በሽታ ያለባቸው ሰዎችም አሉ፤ ለእነርሱ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው በተልባ ልተካው ቢል ራሱን ይጎዳል።

ቢሆንም የጾም ገበታችን በከንቱ የሚናቅ አይደለም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ የሱፍ ፍትፍቱ፣ ተልባው፣ ሰሊጡ ከስቴሮሉ በላይ አሰርና ጥሩ ቅባት ይዘው ይመጣሉ። የሚያሳዝነኝ ይህን በረከት በተደጋጋሚ በጠቆረ ዘይት ስናጠፋው ነው። የዕፅዋት ዘይትም፣ በውስጡ ያለው ስቴሮልም በእሳትና በአየር ይበላሻል። ኑግና ሱፍን የመሰሉ ዘይቶች ደግሞ ለዚህ ይበልጥ ስስ ናቸው። በዘይት ጠርሙስ ላይ "ኮሌስትሮል የለውም" የሚል ጽሑፍ ስታዩ አትዘናጉ፤ ከዕፅዋት የተገኘ ዘይት ድሮም ኮሌስትሮል የለውም ማለት ይቻላል። ጽሑፉ ስለ ዘይቱ ዕድሜም፣ በድስቱ ውስጥ ስለሚደርስበትም አይነግራችሁም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ከባድ ነገር አይደለም። ዘይት በልክ አድርጉ፤ ከጠቆረ፣ ከጨሰ ወይም ሽታው ከተለወጠ ድፉት፤ በአዲስ ዘይት አታድሱት። ቅቤውን በዝግታ አንጥሩ፤ ከድናችሁ በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አስቀምጡት። ቋንታውም ሆነ ቅቤው ከርሞ ሽታው ከተለወጠ መጣሉ አይቆጫችሁ። ዕድሜያችሁ ከ40 ካለፈ ደግሞ ሕመም እስኪሰማችሁ አትጠብቁ፤ የደም ግፊታችሁንና ኮሌስትሮላችሁን ተለኩ። የደም ስር ሲጠብ ለብዙ ዓመት ድምፅ አያሰማም።