ከዜሮ እስከ ሳይዝ መዞር ይብቃን

ጥያቄዬ እንደኔ ኢንጂነሪንግ ለተማራችሁ ነው፤ ፓይተን እየጻፋችሁ ለምን በሲ ታስባላችሁ?

ጃይተን ፓይተንን በጃቫ ቨርቹዋል ማሽን ላይ የሚያስኬድ ሶፍትዌር ነው። ጂም ሁጉኒን በ1997 እ.ኤ.አ. ነው የጀመረው። የጃቫን ሊስትም ሆነ ሴት በቀጥታ ፎር ውስጥ ብታስገቡት እንደ ራሱ ዝርዝር አንድ በአንድ ያወጣላችኋል። ማፕ ከሆነም ቁልፎቹን ይሰጣችኋል። እኛ ግን አሁንም «ከዜሮ እስከ ሳይዝ» እያልን በጌት እንለቅማለን።

«ምን ችግር አለው፣ ይሠራል እኮ» ትሉኝ ይሆናል። እስቲ መተማን አስቡ። ለሰሊጥ ሥራ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ እዚያ ቆላ ካላዛር ይይዘዋል። በሽታው በአሸዋ ዝንብ ይተላለፋል፣ ካልታከመ ይገድላል፣ ታክሞም ሊያገረሽ ስለሚችል ታካሚው ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ መታየት አለበት። አሁን ቀናቸው ለደረሰ ታካሚዎች መልእክት እየላከ ከጃቫ ሊስቱ የሚያወጣቸው ኮድ ጻፋችሁ እንበል፤ በዋይል፣ በቁጥር። ሦስተኛውን ስታወጡ አራተኛው ወደ ሦስተኛው ቦታ ይንሸራተታል። ቆጣሪያችሁ ግን ወደ አራት አልፏል። ያ ሰው ቀኑ ደርሶም መልእክት አይደርሰውም። ኮዱም ምንም ሳይል በሰላም ይጨርሳል።

በቀጥታ በፎር ዞራችሁ ቢሆን ኖሮ ጃቫ በአብዛኛው «ኮንከረንት ሞዲፊኬሽን ኤክሴፕሽን» ብሎ ይጮህባችሁ ነበር። እንዲህ ያለው ጩኸት ውለታ ነው! መፍትሔውም ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ቅጂውን በፓይተን ሊስት ያዙ፣ በቅጂው ላይ ዙሩ፣ ከዋናው አውጡ።

ሌላም አለ። ሴት ጌት የለውም፤ ዛሬ ሊስት የነበረው ነገ ሴት ቢሆን የቁጥሩ ኮድ ይሰበራል፣ የፎሩ ግን ይቀጥላል። ሊንክድ ሊስት ደግሞ በቁጥር በጠራችሁት ቁጥር ከጫፍ ጀምሮ እየተራመደ ነው የሚፈልገው፤ ዝርዝሩ ሲረዝም ዕዳው ይቆለላል። ተራ ቁጥሩ የምር ካስፈለገ ኢኑመሬት አለላችሁ።

«ጃይተን እኮ አርጅቷል፣ ፓይተን 2.7 ላይ ቀርቷል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ልማዱ ግን ከጃይተን ጋር አይቀርም፤ ነገ በምትጽፉት ቋንቋ ሁሉ ይከተላችኋል። የሚታለፈውም ሰው ያው ነው።